ትምህርቱ ከሸንበቆው ሥር ይጀምራል፦ ስለ ቼሮኪ የአደን መሣሪያዎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ቼሮኪ ሕዝብ የእጅ ሥራ በተለያየ ጊዜ የደረሱንን ደብዳቤዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ቼሮኪዎች ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። አገራቸው የዛሬዎቹ ሰሜን ካሮላይና፣ ቴነሲ፣ ጆርጂያና አላባማ የሚዋሰኑበት ተራራማ ምድር ነበር። በ1838 እና በ1839 አብዛኞቹ በወታደር ተገድደው ወደ ዛሬው ኦክላሆማ ተጋዙ፤ በማጎሪያና በመንገድ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ጥቂቶች በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ውስጥ ቀሩ። ስለዚህ ጥበቡም ዛሬ ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ቼሮኪ በምትባለው የሰሜን ካሮላይና ከተማ፣ ሌላው በኦክላሆማ በታለኳ ዙሪያ። (ዓመተ ምሕረቶቹና የወር ስሞቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ ሰሜን ካሮላይና ወደ ቼሮኪ ከተማ ሄጄ ነበር። አንድ ሰው ከቁመቱ የሚበልጥ ሸንበቆ አፉ ላይ አድርጎ እፍ ሲል ቀጭን ፍላጻ ኢላማው ላይ ተተከለች። የ11 ዓመት ልጄ ከዚያ ወዲህ «እኔም ልሥራ» እያለ ነው። እንዴት ይሠራል? ለልጅስ ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ያያችሁት ብሎውጋን ይባላል፤ ከጥንትም የልጆች መሣሪያ ነው። በ1760ዎቹ መጀመሪያ በቼሮኪ መንደሮች የቆየው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሄንሪ ቲምበርሌክ በ1765 ባሳተመው ማስታወሻ፣ በሸንበቆ ቱቦ እየነፉ ትንንሹን አውሬ የሚያድኑት ልጆች መሆናቸውን ጽፏል። ትልልቆቹ አጋዘን ሲያድኑ ልጁ ጥንቸልና የዛፍ ሽኮኮ፣ ወፍም ይመታ ነበር። ፍላጻው ላይ መርዝ አይቀባም።

አሠራሩን ከሸንበቆው ምርጫ እንጀምር፤ ከሚበላሹት ብሎውጋኖች አብዛኞቹ የሚበላሹት ገና ሲቆረጡ ነውና። «ሪቨር ኬን» የሚባለው የወንዝ ሸንበቆ ከቀርከሃ ወገን ነው። ቡቃያው በአንድ የዕድገት ወቅት ሙሉ ቁመቱንና ውፍረቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ጥንካሬ እንጂ ውፍረት አይደለም። ስለዚህ ጀማሪ ወፍራሙን አይቶ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ለጋውን ነው። ለጋው አንጓው ላይ ሽፋኑ ገና አልረገፈም፣ ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ያረጀው ደግሞ ግራጫ ይሆናል፣ የነቀዝ ቀዳዳ አይጠፋበትም፣ በእሳት ሲያቃኑት ይሰነጠቃል። የሚፈለገው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሞላው፣ ሽፋኑ ረግፎ ግድግዳው የጠነከረ፣ ከሥሩ በኩል 2.5 ሴ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው፣ አንጓዎቹ የተራራቁ ሸንበቆ ነው። አንጓ ባነሰ ቁጥር የሚበሳውም ያንሳል። የሚቆረጠው በቅዝቃዜው ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በግንዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽና ስኳር ስለሚቀንስ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ ሲደርቅም መሰንጠቁ ያንሳል። ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ በመጋዝ መቁረጥና ሥሩን አለመንካት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያበቅለው ሥሩ ነውና።

የተቆረጠው ሸንበቆ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ ወይም ታስሮ ቀጥ ብሎ ለሳምንታት ይደርቃል። አረንጓዴው ወደ ገለባ ቀለም ሲለወጥ ደርሷል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የተተወ እንደሆነ አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ይጎብጣል ወይም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ማቃናት ነው። ነበልባል በሌለው ፍም ላይ የጎበጠውን ቦታ ሳያቋርጡ እያሽከረከሩ ያሞቁታል። ላዩ ወዝ አውጥቶ ሲያብረቀርቅ ጉልበት ላይ አሳርፎ በተቃራኒው መጫን፣ እስኪቀዘቅዝም ሳይለቁ መያዝ ነው። ሳይቀዘቅዝ ከተለቀቀ ተመልሶ ይጎብጣል። አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ፦ አንጓዎቹ ካልተበሱ በየክፍሉ ውስጥ የታፈነ አየር አለ። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከቆየ አየሩ ይሰፋና ሸንበቆው በከፍተኛ ድምፅ ይፈነዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማቃናት ለስለስ ያለ ይሁን፤ ዋናውን አንጓዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ያድርጉት።

አንጓ የሚበሳው ጫፉ በቀላ ፌሮ ነው። ፌሮው ከሸንበቆው እኩሌታ የሚረዝም ይሁን፤ ከሁለቱም ጫፍ እየገቡ መሐል ላይ መገናኘት ነው። ብረት ከመምጣቱ በፊት ጫፉ ላይ ስለታም ድንጋይ የታሰረበት ቀጭን ሸንበቆ እያሽከረከሩ ይበሱት ነበር። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ስሕተት ፌሮው ከመሐል ወጥቶ ጎኑን ማቃጠሉ ነው። ጎኑ ከተበሳ በክርና በጥድ ሙጫ ሊታሸግ ይችላል፣ ግን ትንፋሽ ማፍሰሱ አይቀርም። ፌሮው አንጓው ጋ ሲደርስ አይግፉት፤ በራሱ ክብደት አርፎ አቃጥሎ እንዲያልፍ ይተዉት።

ከተበሳ በኋላ ውስጡ ይላጋል። የጣሳ ቆርቆሮ በሚስማር በሳስቶ፣ ሸካራውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ መጠቅለል ነው፤ ጥሩ የውስጥ ሞረድ ይወጣዋል። እሱ የአንጓውን ቅሪት ከጨረሰ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት በዘንግ ጠቅልሎ መሳብ። የውስጡ ስፋት ከ12 እስከ 15 ሚ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው። ፍተሻው በዓይን ነው። ሸንበቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩ በወዲያኛው ጫፍ የሚታየው ብርሃን ሙሉ ክብ ከሆነ ቀጥ ብሏል፤ ግማሽ ጨረቃ ከመሰለ ገና ጎብጧል፣ የጎበጠውም ጥቁሩ ባለበት በኩል ነው። ርዝመቱ ለአዋቂ ከ2 እስከ 2.7 ሜትር ነው፤ ለልጅዎ 1.5 ሜትር ይበቃዋል።

ሸንበቆውን ከግሬት ስሞኪ ብሔራዊ ፓርክም ሆነ ባለቤቱ ካልፈቀደልዎ ወንዝ ዳር እንዳይቆርጡ። በአትላንታ ጓሮዎች እንደ አረም የሚስፋፋው፣ ከሥሩ አካባቢ አንጓዎቹ የሚጠጋጉት የቻይና ቀርከሃ ለልጅ መለማመጃ ይበቃል። እሱን ቢቆርጡ የሚከፋ ጎረቤትም አይኖርም። ለልጁ ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባው፦ ትንፋሽ የሚሳበው አፍ ሸንበቆው ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። አፉን አስጠግቶ ወደ ውስጥ ከሳበ ፍላጻው ጉሮሮው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ፍላጻውን በቀጭን እንጨት ሠርቼ፣ በስተኋላው ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ ጠቀለልኩበት። አምስት ሜትር ሳትሄድ ትወድቃለች፤ አንዳንዴም ቱቦው ውስጥ ትቀረቀራለች። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ጥጡ ላይ ነው። ጥጥ ይታመቃል እንጂ ተመልሶ አይነፋም። ቼሮኪዎች የሚጠቀሙት ከኮሸሽላ ወገን የሆነ እሾሃማ ተክል አበባ ውስጥ ያለውን ጭገር ነው። ጭገሩ ቀጥ ያለና የሚለጠጥ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ይጨመቃል፣ ከግድግዳው ጋር ግን ሳይላቀቅ አየሩን ይዘጋል። ፍላጻውን የሚገፋው የዚያ የታፈነ አየር ግፊት ነው።

አበባው የሚለቀመው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ከጠወለገ በኋላ ነገር ግን ተበትኖ በነፋስ ከመሄዱ በፊት ነው። በአንድ ቀን ልዩነት ሊያመልጥ ይችላል። የተለቀሙት ራሶች በሁለት የሸንበቆ ስንጣሪዎች መካከል በረድፍ ተጨምቀው ይታሰሩና ይደርቃሉ። ያለዚያ እየደረቁ ሲሄዱ ተከፍተው ይበተናሉ። ሲፈለግ የውጭውን እሾሃማ ቅርፊትና ፍሬውን አውልቆ ጭገሩን ብቻ መያዝ ነው።

የፍላጻው እንጨት ብላክ ሎከስት ወይም ሂከሪ ከሚባሉት ጠንካራ የሰሜን አሜሪካ ዛፎች ቢሆን ይመረጣል። በመጋዝ አይቆረጥም፤ በእንጨቱ መስመር ተሰንጥቆ በቢላ ይላጋል። መጋዝ መስመሩን ስለሚያቋርጥ ፍላጻው ሲደርቅ ይጣመማል። ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ ለጀማሪ 25 ሴ.ሜ. ያህል ይሁን። ጭገሩ የኋለኛውን ሲሶ፣ ማለት 8 ሴ.ሜ. ገደማ ይሸፍናል።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። የክሩ አንድ ጫፍ ከፍላጻው ጀርባ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ በጥርስ ተወጥሮ ይያዛል። በግራ እጅ ጣቶች ፍላጻው እየተሽከረከረ፣ በቀኝ እጅ ጭገሩ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ከክሩ ሥር ይገባል። ክሩ ከላላ ጭገሩ በመጀመሪያው እፍታ ይበተናል። ከጠበቀ ደግሞ ተኝቶ ስለሚቀር ከጥጥ አይሻልም። ሲያልቅ በመዳፍ መካከል ተንከባልሎ የወጣ የወጣው ይከረከማል። መጠኑ ከቱቦው ውስጥ ትንሽ ሰፋ ብሎ፣ ፍላጻው በጣት ሲገፋ በቀላሉ የሚገባ፣ ቱቦው ሲዘቀዘቅ ግን በራሱ የማይወድቅ መሆን አለበት።

የሚቀረቀርብዎት ምናልባት ከምራቅ በሚመጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ ከየአምስትና ስድስት ውርወራ በኋላ ደረቅ ጨርቅ በዘንግ ያሳልፉ። በደንብ የተሠራ ፍላጻ እስከ 15 ወይም 18 ሜትር በትክክል ይመታል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ አንድ ወዳጄ እርሻው ዳር ያለውን ቦዳርክ ዛፍ ሲቆርጥ ለደጋን ይሆነኛል ብዬ አንድ ግንድ ወሰድኩ። ጋራዥ ውስጥ ሦስት ወር አስቀመጥኩት። አሁን ጫፎቹ ተሰንጥቀዋል፣ ከቅርፊቱ ሥርም የእንጨት ዱቄት ይረግፋል። ይድናል?

መልስ፦ ከፊሉ ይድናል። ቦዳርክ ወይም ኦሴጅ ኦሬንጅ የእናንተው አካባቢ ዛፍ ነው፤ የትውልድ ቦታው የቀይ ወንዝ ዙሪያ፣ ቴክሳስና ኦክላሆማ የሚዋሰኑበት ነው። በተራራው አገር ደጋን ከብላክ ሎከስትና ከሂከሪ ይሠራ ነበር። በኦክላሆማ ያሉት የቼሮኪ ደጋን ሠሪዎች ግን ይህን ቢጫ እንጨት እጅግ ይወዱታል። ምክንያቱም ሲወጠርም ሲጨመቅም የሚችል እንጨት ነው። ብላክ ሎከስት ሲወጠር ጠንካራ ነው፣ በሆዱ፣ ማለት ወደ ተኳሹ በሚዞረው ፊት በኩል ሲጨመቅ ግን ቶሎ ቀጫጭን የመጨማደድ መስመር ያወጣል። ስለዚህ ከሎከስት የሚሠራ ደጋን ሰፋ ተደርጎ ይሠራል።

የተሳሳቱት ግንዱን ሳይሰነጥቁና ጫፉን ሳያሽጉ በማስቀመጥዎ ነው። ውኃ በጫፍ በኩል ከጎኑ ይልቅ በጣም ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፉ ቀድሞ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። በተቆረጠበት ቀን ሁለቱ ጫፎች በእንጨት ኮላ ወይም በወፍራም ቀለም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለቀለቃሉ። ከዚያ ግንዱ በሽብልቅና በመዶሻ በአራት ይሰነጠቃል። ዱቄቱ የሚያሳየው ትል ከቅርፊቱ ሥር መግባቱን ነው፤ ቅርፊቱንና ነጩን የውጭ እንጨት ዛሬውኑ ያንሡ። ትሉ በአብዛኛው ነጩን እንጂ ቢጫውን ልብ አይደፍርም። ቅርፊቱ ከተነሣ ግን ጀርባው ሙሉ በሙሉ በኮላ ይታሸግ፤ አለበለዚያ በቀናት ውስጥ በስንጥቅ ይሞላል። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጠው ሲጥሉ 165 ሴ.ሜ. ያህል ጤነኛ ቁራጭ ከቀረዎት ደጋን አለዎት።

መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል። ሙሉ ቁራጭ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በግምት የደጋን ቅርጽ ይዞ ከተጠረበ በጥቂት ወራት ይደርቃል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ የዓመት ቀለበት መከተል። የደጋኑ ጀርባ፣ ማለት ሲወጠር ወደ ኢላማው የሚዞረው ፊት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የዓመት ቀለበት ብቻ መሆን አለበት። በአንድ ቦታ ቀለበቱ ከተቆረጠ ደጋኑ የሚሰበረው በዚያው ቦታ ነው፤ ዛሬ ባይሆን በመቶኛው ውርወራ። ቢቻል 3 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው ቀለበት ይምረጡ። ሁለት እጀታ ባለው መላጊያ ከላዩ ያለውን እያነሡ ሲወርዱ፣ በሁለት ቀለበት መካከል ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ እንጨት በመላጊያው ሥር ኮርሸም ኮርሸም የሚል ድምፅ ይሰጣል። ያ ድምፅ ከተሰማ የሚፈልጉት ቀለበት ከሥሩ ነው፤ መላጊያውን አስቀምጠው በቢላ ጀርባ መፋቅ ይጀምሩ። ጉጥ ያለበት ቦታ ላይ ቀለበቱ ወደ ላይ ይነሣል። አብረውት ይነሡ፤ ጉጡን ለማስተካከል ብሎ መላጨት ቀለበቱን መቁረጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ከጀርባው ምንም አይነካም። የሚላገው ሆዱ ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ስፋቱ 4 ሴ.ሜ. ያህል፣ ጫፉ ላይ 1.5 ሴ.ሜ. እስኪሆን እየጠበበ ይሄዳል። ሁለቱ ክንዶች እኩል እንዲጎብጡ ማድረግ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ትንሽ ይላጋል፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል በትንሹ ይሳባል፣ ከዚያ ይታያል። እንጨቱ የተላገውን «የሚያውቀው» ከተሳበ በኋላ ነው። ያልጎበጠው ቦታ ይላጋል፤ ከመጠን በላይ የጎበጠው አይነካም። የታሰበው የመሳቢያ ክብደት 20 ኪሎ ከሆነ፣ በማንኛውም ደረጃ ከ20 ኪሎ በላይ አይሳብ። ቸኩሎ ከመጠን በላይ መሳብ ሆዱን ይጨፈልቀዋል፣ ደጋኑም አውታሩ ሲፈታ ጎብጦ ይቀራል። ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ10 ኪሎ አይለፉ።

ጥያቄ (ከአርባ ምንጭ)፦ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ባልጩት ሲጠርቡ አይቻለሁ። ቼሮኪዎችም የፍላጻ ጫፍ በድንጋይ ይሠራሉ ይባላል። አንድ ዓይነት ነው?

መልስ፦ መሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚፈለገው ቅርጽ ነው። ለመፋቂያ አንድ ጠንካራ ጠርዝ ይበቃል። ለፍላጻ ጫፍ ግን ድንጋዩ በሁለቱም ፊት መሳሳት አለበት፤ ችግሩም ማሳሳቱ ላይ ነው። መጀመሪያ በድንጋይ መዶሻ፣ ቀጥሎ በአጋዘን ቀንድ ይመታል። በመጨረሻ ድንጋዩ በወፍራም ቆዳ ላይ መዳፍ ውስጥ ተይዞ በቀንድ ሹል እየተጫኑ ትንንሽ ስንጣሪ ማውጣት ነው። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ጠርዙን በሸካራ ድንጋይ ማሻሸት ግድ ነው። ያልተሻሸ ጠርዝ ኃይሉን ሳያስተላልፍ ይደቅቃል፣ ስንጣሪውም መሐል ሳይደርስ ተቆርጦ ደረጃ ይተዋል። ደረጃ ከተፈጠረ በላዩ ላይ ደጋግሞ መምታት ያባብሰዋል፤ ከተቃራኒው ጠርዝ መምጣት ይሻላል።

አንዳንዱ ባልጩት ሲሞቅ ለጥርብ ይመቻል። በአሸዋ ተቀብሮ፣ መጀመሪያ በ100 ዲግሪ ገደማ ሙሉ ቀን ደርቆ፣ ከዚያ በዝግታ ወደ 250 ዲግሪ ያህል ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም። እርጥበት ያለው ድንጋይ ይፈነዳል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ጥቁሩ፣ መስታወት የሚመስለው ባልጩት ግን ማሞቅ አያስፈልገውም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ናስና ብረት ካመጡ ወዲህ በቼሮኪ ዘንድ የድንጋይ ጫፍ እየቀረ ሄዷል። ዛሬ የሚጠርቡት ጥበቡን ዳግም ያነሡ ሰዎች ናቸው። በዚህ ረገድ ትውልድ ሳይቋረጥ የሚጠርቡት የኮንሶ ሴቶች ከፍ ያለ ክብር ይገባቸዋል። ለሁሉም አንድ ማሳሰቢያ፦ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባን ያቆስላል፣ የቆሰለውም አይድንም። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ነፋሱን ከጎን ያድርጉ፣ የአቧራ ማስክና መነጽር ይልበሱ፣ የረገፈውን በደረቁ አይጥረጉ፤ ውኃ ይርጩበት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የእጅ ሙያ አሠልጣኝ ነኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌው ሲያርፍ ሙያውም አብሮ ይቀበራል። ቼሮኪዎች ይህን እንዴት ተቋቋሙት? ከእነሱ ምን እንውሰድ?

መልስ፦ አልጨረሱትም፤ እየታገሉት ነው። ያቆሟቸው ተቋማት ግን አሉ። በሰሜን ካሮላይና «ኳላ አርትስ ኤንድ ክራፍትስ ሚውችዋል» የሚባለው የባለሙያዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በ1946 ተመሥርቶ ሥራቸውን እየተረከበ ይሸጣል። በ1952 የተከፈተው ኦኮናላፍቲ መንደር ውስጥ ደግሞ ባለሙያዎች ጎብኚ ፊት ሸንበቆ ሲያቃኑና ፍላጻ ሲጠቀልሉ ይታያሉ። በኦክላሆማ የቼሮኪ መንግሥት ከ1988 ጀምሮ «ቼሮኪ ናሽናል ትሬዠር» የሚል ማዕረግ ይሰጣል። ማዕረጉ ባህላዊ ሙያን ለጠበቁና ለሌላ ላስተማሩ ነው፤ ደጋን ሠሪዎችና ድንጋይ ጠራቢዎችም ካገኙት መካከል ናቸው። «ላስተማሩ» የሚለው ቃል ላይ ትኩረት እንዲያደርጉ እንፈልጋለን። ጎበዝ ሆኖ ብቻውን የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ክብሩን ከማስተማር ጋር ማያያዙ ትልቅ ማስተዋል ነው።

ሌላው ውድድር ነው። በየዓመቱ በመስከረም መጀመሪያ ታለኳ ላይ በሚከበረው የቼሮኪ ብሔራዊ በዓል የብሎውጋን ውድድር አለ። የደጋን ውድድርም አለ፤ ኢላማው የተከመረ የበቆሎ አገዳ ነው፣ ነጥቡም ፍላጻው በወጋው አገዳ ብዛት ይቆጠራል። ልጅ ለሙዚየም መደርደሪያ ብሎ ደጋን አይሠራም። ቅዳሜ የሚወረወርበት ከሆነ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስጨንቀው የሰው እጥረት ሳይሆን የሸንበቆ እጥረት ነው። የወንዝ ሸንበቆ የሚበቅለው ለም በሆነው የወንዝ ዳር መሬት ላይ ነበር፤ ያ መሬት ታረሰ፣ ከብትም ቡቃያውን ጨረሰው። ከጥንቱ የሸንበቆ ጫካ የቀረው 2 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ለዚህ ነው በ2022 የቼሮኪ መንግሥት ከአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ጋር ስምምነት የተፈራረመው። በአርካንሳስ በሚገኘው በበፈሎ ወንዝ ፓርክ ውስጥ ዜጎቹ ለባህላዊ ጥቅም የሚሆኑ 76 ዓይነት ዕፅዋት እንዲለቅሙ ተፈቀደ። ሸንበቆ የሌለው አስተማሪ የሚያስተምረው በወሬ ነው።

እንደ አሠልጣኝ እንዲወስዱት የምንመክረው የትምህርቱን ቅደም ተከተል ነው። እጅ በርካሹ ነገር ይጀምር፤ ተማሪው አስተማሪው በሠራው ቱቦ እየተጠቀመ ፍላጻ ብቻ ይሥራ። ፍላጻ በአንድ ከሰዓት ይሠራል፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፣ ሃያ ቢበላሽ ኪሳራው ስንጣሪ እንጨት ነው። ዓይን ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሸንበቆው ሥር ይዋል። አስተማሪው ሲቆርጥ ተማሪው ይከተለው፤ እያንዳንዱን ከመቁረጡ በፊት «ይህ ስንት ዓመቱ ነው? ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ይጠይቀው፣ መልሱንም ሸንበቆው ላይ ያሳየው። የተቆረጠው ላይ ቀኑና የቆረጠው ተማሪ ምልክት ይጻፍበት። ከሁለት ወር በኋላ ሲደርቅ የተጨማደደው የማን ምርጫ እንደሆነ አብረው ያዩታል። በአውደ ጥናት የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ይህን ማድረግ አይችልም። ተዘጋጅቶ የመጣ ሸንበቆ ይዞ የሚጀምር ተማሪ ሞረድ መያዝ ይማራል፤ አስተማሪው ሲያርፍ ግን ሸንበቆ የሚመርጥለት ሰው ያጣል። ብዙ ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ ሙያው የማይቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

መልሶ ማብቀልም የትምህርቱ አካል ነው። የወንዝ ሸንበቆ የሚያብበው በብዙ ዓመት አንዴ ስለሆነ ዘር ተማምኖ መጠበቅ አይቻልም። የሚተከለው ከነአፈሩ የተቆረጠ የሥር ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ ላይ ሁለት ሦስት ግንድ ይኑረው፣ እስኪተከል ለሰዓታትም ቢሆን ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከመሬት በላይ እምብዛም ለውጥ አይታይም። በዚያ ጊዜ አረም የሚነቅል ሰው ከሌለ ይሞታል። ለብሎውጋን የሚሆን ውፍረት እስኪደርስም ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ ስለዚህ መትከሉን ለጀማሪ ተማሪዎች ይስጡ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ለወንድሜ ልጅ የቼሮኪ ብሎውጋን በኢንተርኔት ልግዛለት ወይ?

መልስ፦ እርስዎ ባሉበት አገር አይሆንም። በብሪታንያ ብሎውጋን መሸጥም ከውጭ ማስገባትም የተከለከለ ነው፤ በካናዳም እንዲሁ፣ በአሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያም። ሌላ ቦታ ያላችሁ አንባቢያን ከመግዛታችሁ በፊት የክፍለ ግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ። የደጋን ፍላጻ ከመግዛትም በፊት ላባውን እዩ። የቼሮኪ ፍላጻ በአብዛኛው ሁለት የቱርክ ዶሮ ላባ ነው የሚታሰርበት፤ እሱ ችግር የለውም። የንስርና የጭልፊት ላባ ግን በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መግዛቱ ራሱ ወንጀል ነው።

በአሜሪካ ለምትገዙ ደግሞ፦ በ1990 የወጣው የነባር ሕዝቦች የእጅ ሥራ ሕግ፣ የነባር ሕዝብ ባለሙያ ያልሠራውን «የሠራው ነው» ብሎ መሸጥን ይከለክላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ የሆነ ግለሰብ እስከ 250,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስራት ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን የሠሪውን ስምና ሠሪው ከሦስቱ በፌዴራል መንግሥት ከታወቁት የቼሮኪ መንግሥታት የየትኛው ዜጋ እንደሆነ ጠይቁት። «በቼሮኪ ስልት የተሠራ» የሚል ወረቀት ብቻ ካሳያችሁ የሠራው ቼሮኪ ነው ማለት አይደለም።